አሮጌ መስፍ ሲገዙ

አሮጌ መስፍ በቅጥቀጣ ብዛት እምብዛም አይሞትም፤ የሚገድለው ጠጋኙ ነው። ስለዚህ ሲገዙ ከዝገቱ ይልቅ ቀድሞ ማን እንደነካካው ይመርምሩ። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ስንጥቁ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላልና ይጠርጥሩ።

ኪስዎ ውስጥ አንዲት የኩሽኔታ ኳስ ይያዙ። ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በመስፉ ፊት ላይ ይልቀቋት። 24 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከነጠረች ፊቱ ጠንካራ ነው። ግማሹን ያህል እንኳ ካልተመለሰች ወይ ለስላሳ ብረት ነው፣ ወይ እሳት ነክቶታል፣ ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ከቁርጥራጭ ብረት ዋጋ በላይ አይክፈሉበት። ጥጉንም መሐሉንም ይሞክሩ፤ በብየዳ የተደፈነ ቦታ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ሻጮች የሚወዱት በመዶሻ መትቶ ማስጮህ ነው። ጩኸቱ ብቻ አያሳምንዎ፤ ድምፁ የታፈነ ጥሩ መስፍም አለ።

ፋብሪካ የሠራው ባለ ቀንድ መስፍ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ባለእጅ በቀላሉ አይገኝም። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ድረስ ከመሄድዎ በፊት የወረታ ወልድያን መንገድ ያስቡ፤ ከባድ መኪና በሚያልፍበት ከተማ በመስፍ ፈንታ የሚያገለግል ያረጀ አክስል አይጠፋም። አክስሉን አቁመው ግማሹን ይቅበሩና ጫፉ ላይ ይቀጥቅጡ። የባቡር ሐዲድ ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ ከተጋደመ መሐሉ ቀጭን ስለሆነ የመዶሻውን ጉልበት ይበላል። ሐዲድ ግን የሕዝብ ንብረት ነውና ያለ ደረሰኝ አይግዙ።

እድሳቱ አጭር ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ዘይት ይቀቡ። የተሸራረፈውን ጥግ በግራይንደር ክብ ያድርጉት፤ ማረሻ ለሚያጎብጥ ሰው ክብ ጥግ ይሻላል። ፊቱን ግን አያስልጡ። በብዙ አሮጌ መስፎች ላይ ጠንካራው ብረት ከላይ የተለበጠ ሳህን ነው፤ ውፍረቱም 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ። የተላጠው አይመለስም። ብየዳም ቢሆን መስፉን 200 ዲግሪ ገደማ ሳያሞቁና ቀስ ብሎ እንዲበርድ ሳያደርጉ ከሠሩት ሳህኑን ይሰነጥቀዋል። እሳት ውስጥ መክተትማ ጥንካሬውን መግፈፍ ነው።

የውጭ አገር መጻሕፍት መስፉን ቆሞ ለሚሠራ ሰው ልክ ከፍ ያደርጉታል። ተቀምጠው የሚቀጠቅጡ ከሆነ አይስሟቸው፤ መስፉ የሚቀመጥበትን ግንድ ቆፍረው ይቅበሩት፣ እንዳይነቃነቅም ዙሪያውን ይጠቅጥቁ።

የጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሌሊት ብርድ ያደረበት መስፍ ከቀጭን ማጭድ ላይ ሙቀቱን ወዲያው ይነጥቃል፤ ጥጉም በቀላሉ ይሸረፋል። መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት የጋለ ብረት ፊቱ ላይ አስቀምጠው ለእጅ ሞቅ እስኪል ይጠብቁ።