የኮሶ ዛፍ፦ ዘሩን ስለማቆየትና አበባውን በጥንቃቄ ስለመጠቀም

ኮሶ፣ በኦሮምኛ ሄጦ፣ በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች በተለይም በዲንሾና በጎባ ዙሪያ የሚገኝ አገር በቀል ዛፍ ነው። ሰው ሁሉ ምሬቱን ያውቃል፤ ዘሩ እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ የሚወጣው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው፤ ዘር የሚሰጠውም ይኸው ዛፍ ነው። የሴቴው ዘለላ ሁሉ ከተለቀመ ለዘር የሚተርፍ አይኖርም። እንጨቱም ለቤት ዕቃ ይፈለጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ጥድንና ዝግባን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ አባሎች ከእያንዳንዱ ሴቴ ዛፍ ላይ ጥቂት ዘለላ ሳይነኩ እንዲተዉ፣ በአቅራቢያው ያለውንም ወንዴ ዛፍ እንዳይቆርጡ አጥብቀን እንመክራለን።

የደረቀው አበባ ተፈጭቶ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ትሉን እንደሚያስወጣ አይካድም። ነገር ግን የሚለካው በእፍኝ ነው፤ የአበባውም ኃይል እንደ ትኩስነቱ ይለያያል። ሲበዛ ብርቱ ትውከት ያመጣል፤ ዓይንን የጎዳበት ጊዜም አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ መጠጣት የለባትም፤ ጽንሱን ሊያስወርዳት ይችላልና። ዛሬ በጤና ጣቢያ መጠኑ የታወቀ እንደ ፕራዚኳንቴል ያለ መድኃኒት ስላለ፣ የልማት ሠራተኛው ሕመምተኛውን ወደዚያ ይምራ። ኮሶ የጠጣ ሰው ጥሬ ሥጋ መብላቱን ካልተወ ትሉ ተመልሶ ይይዘዋል። ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ሣሩ ላይ ይቀራል፣ ከብቱ ይግጠዋል፣ ሰውም በሥጋው ውስጥ መልሶ ይበላዋል። መጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈርና ሥጋን በደንብ ማብሰል ከማንኛውም መጠጥ ይበልጣል።

ኮሶ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 3,200 ሜትር ባለው ደጋ ነው። አብዛኛው የጎሮ መሬት ከዚህ ዝቅ ስለሚል ችግኙን ወደዚያ መውሰድ ድካም ብቻ ነው። ለጎሮ ዋንዛ (ዋዴሳ) ይሻላል፤ ጣፋጭ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፣ አበባውን ንብ ይቀስማል፣ እንጨቱም ዋጋ አለው። ኮሶም ቢሆን ለንብ ይጠቅማል፤ በሐረና ደን ቀፎ በዛፍ ላይ መስቀል የቆየ ልማድ ነው። በእኛ አስተያየት ማኅበሩ ከኮሶ የሚያገኘው ቋሚ ገቢ ከአበባው ይልቅ ከማሩ ነው።

የኮሶ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው፤ ሲቆይም የመብቀል ኃይሉ ስለሚቀንስ በተለቀመበት ዓመት ይዘራ። ከደቃቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በስሱ ይበተናል፤ አፈር በብዛት አይጫንበትም፤ ውኃው ዘሩን እንዳያጥበው በሣር ይሸፈናል። ችግኙ ክረምቱ ሲገባ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሳይሆን ገላጣ ቦታ ላይ ይተከላል። ወንዴና ሴቴው እስኪያብብ ድረስ ስለማይለይ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ አድርጎ አቀራርቦ መትከል ያስፈልጋል። ከብት እንዳይግጠውም ዙሪያው በእሾህ ይታጠር።