ከባሌ ደጋ ወጥቶ በባዕድ አገር ለሚኖር ሰው፦ ስለ ንፍፊት ለሐኪም የሚነገር ነገር

ከሮቤ ወይም ከጎባ ተነሥቶ በሚኒሶታም ሆነ በለንደን ኑሮውን የሚያቀና ሰው፣ የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ሥራውና የቤት ኪራዩ አስቀድመው ስለሚያስጨንቁት፣ የሥጋው ነገር ወደ ኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው። ይልቁንም ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሉፐስ ወይም ሌላ ሥር የሰደደ የብግነት ደዌ ያለበት ሰው በአንገቱ ወይም በብብቱ ንፍፊት ሲወጣበት፣ «ይህም ከዚያው ከቁርጥማቴ የመጣ ነው» ብሎ ወራት ያሳልፋል። ሐኪሙም የባሌን ነገር ስለማያውቅ፣ ካልነገሩት በስተቀር በዚያው ግምት ሊስማማ ይችላል።

ግምቱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ንፍፊት የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት የሚከማቹበት ቦታ ስለሆነ፣ ብግነቱ በሚያይልበት ወራት ማበጡና ሲነኩት ማመሙ የታወቀ ነው፤ በሉፐስ ሕሙማን ዘንድማ ብዙ ጊዜ ይታያል። ነገር ግን ያው እብጠት ከሊንፋቲክ ካንሰር ሊመጣ ይችላል፤ ለዚህም ደዌ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን ከሌላው ሰው ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። ለእኛ አገር ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የንፍፊት ቲቢ ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙት የቲቢ ሕሙማን መካከል ወደ ሲሶው የሚጠጉት ደዌው ያደረባቸው ከሳንባ ውጭ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ዋነኛው በንፍፊት ላይ የሚወጣው ነው።

ወደ ብሪታንያ ከ6 ወር በላይ ለመቆየት የሚሄድ ወይም ወደ አሜሪካ በስደተኛነት የሚገባ ኢትዮጵያዊ ጎልማሳ፣ ከጉዞው በፊት የደረት ራጅ ተነሥቶ «ነጻ ነህ» የሚል ወረቀት ይቀበላል፤ ይህንንም ወረቀት የዕድሜ ልክ ምስክር አድርጎ ይይዘዋል። ራጁ የሚያየው ደረትን ብቻ ነው። በአንገት ንፍፊት ውስጥ የተደበቀውን ቲቢ አያይም፤ በልጅነት ገብቶ ለዓመታት ያንቀላፋውንም ተሕዋስ አያሳይም። ስለዚህ ሐኪሙ «ስትገባ ተመርምረሃል እኮ» ቢልዎ፣ የቲቢው ምርመራ በደረት ራጅ የተደረገ እንደ ነበረ ይንገሩት።

ያንቀላፋውን የሚቀሰቅሰው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በገበያ ላይ የዋለው ኢንፍሊክሲማብ፣ በኋላም የመጣው አዳሊሙማብ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ታላቅ ፈውስ የሰጡ ናቸው፤ ሆኖም የቲቢን ተሕዋስ ከብቦ የሚይዘውን የሰውነት ኃይል ስለሚያላሉ፣ ደዌው እንደገና ሊነሣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2001 በጉልህ ታወቀ። ይህ ዓይነቱ መርፌ ከመጀመሩ በፊት ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። የቆዳው ምርመራ በሕፃንነት በተከተቡት የቢሲጂ ክትባት ምክንያት ሊሳሳት ስለሚችል፣ ኢግራ የሚባለው የደም ምርመራ ይመረጣል፤ እርሱም ቢሆን የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ «የለም» ሲል ሙሉ በሙሉ አይታመንም።

ንፍፊትዎን በጣትዎ ገጽ፣ ሳይጫኑ፣ ከመንጋጋ ሥር ጀምረው እስከ አንገት ግርጌ ይዳስሱ፤ ግራና ቀኙን ያነጻጽሩ። ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ፣ እየጠነከረ የሄደ ወይም ከሥሩ ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ፣ ቀጠሮ ይያዙ፤ ከትከሻ በላይ ባለው ጎድጓዳ ከወጣ ግን ቀን አይቁጠሩለት። በአንድ ወረቀት ላይም ከባሌ የወጡበትን ዓመት፣ በቤታችሁ ለረጅም ጊዜ ያሳለ ወይም የቲቢ መድኃኒት የዋጠ ሰው እንደ ነበረ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና የጀመሩበትን ቀን ጽፈው ይሂዱ። አስተርጓሚ በአማርኛም በኦሮምኛም መጠየቅ ይቻላል፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፣ ልጅ ፊት የማይነገር ነገር አለና።

ጥሬ ወተት ይጠጡ እንደ ነበረም ይንገሩ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ደዌ በዚያ መንገድ ይመጣልና። በነገራችን ላይ የንፍፊት ቲቢ ከላም ወተት ነው ሲባል ለረጅም ዘመን ኖሯል፤ በኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ የተደረገው የዘር ምርመራ ግን አብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ዓይነት መሆኑን አሳይቷል።

ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ከንፍፊቱ ጥቂት ይቀዳል፣ ወይም ንፍፊቱን በሙሉ ያወጣል። ይህ ሳይደረግ እብጠቱን ለማብረድ ፕሬድኒሶሎን በራስዎ አይጀምሩ፤ የካንሰሩንም የቲቢውንም መልክ ይሸፍናልና። አስቀድሞ የታዘዘልዎትን ደግሞ በድንገት አያቋርጡ። ከአገር ቤት «በምላጭ ይበጣ፣ በጋለ ብረት ይተኮስ» የሚል ምክር ቢመጣ በአክብሮት ሰምቶ ማለፍ ነው፤ ቁስሉ ለወራት አይሽርም።

ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው እንደ ወትሮው 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ሳንባን ካልነካ ወደ ቤተ ሰብ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ዕቃ መለየት አያስፈልግም። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትንና እንባን ያቀላል፤ ይህ አያስደንግጥ። ነገር ግን የፕሬድኒሶሎንንና የወሊድ መከላከያ እንክብልን ኃይል ስለሚቀንስ፣ የቁርጥማት ሐኪሙና የቲቢ ሐኪሙ አንዱ የሌላውን ትእዛዝ ማወቅ አለባቸው። በሕክምናው መካከል በአንዳንድ ሰው ላይ ንፍፊቱ ይብሱን ያብጣል፤ ለሐኪሙ ይነገራል እንጂ መድኃኒቱ አይቋረጥም። መድኃኒቱ በጾም ሰዓት ቢውል፣ ሕሙም ከጾም እንዲፈታ ፍትሐ ነገሥትም ቁርኣንም ይፈቅዳሉ። ጠበልም የሚወስድ ሰው እንክብሉን ከጠበሉ ጋር ቢያስማማው እንጂ በጠበሉ ቢተካው አይበጅም።

ለጥየቃ ወደ ባሌ ሲመለሱ፣ የምርመራውን ውጤትና የመድኃኒቱን ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ይያዙ፤ በጎባ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ የቲቢ መድኃኒትም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርብዎ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ተሕዋስ ስላለበት፣ እንደ አዳሊሙማብ ያሉትን መርፌዎች የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይከተብ። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው 430 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ የማቀዝቀዣ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጡም «ብርዱ ይበቃዋል» ተብሎ መኪና ውስጥ አይታደርም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ሌሊቱ ውኃ ያረጋል፣ በረዶ የሆነ መርፌም ይጣላል።