እንግዳ ዶሮና ነባር ዶሮ በአንድ ቤት

ስለ ቤት ንጽሕና ስናስተምር ውሃ ስለ ማፍላት፣ መጸዳጃ ስለ መቆፈር፣ እጅ ስለ መታጠብ እናወራና ዶሮን እንረሳለን። ይሁን እንጂ እኛ የጤና ሠራተኞች በባኮ ከቤት ወደ ቤት ስንዞር ዶሮ የሌለበት ግቢ ብዙ አናገኝም። ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የበቆሎ አገር ነው፤ በቆሎ ሲፈለፈል የሚረግፈው ፍሬ ብቻ ጥቂት ዶሮዎችን ይመግባል። ዶሮም እንቁላል ትሰጣለች፤ ጨው ሲያልቅ፣ ለልጅ ደብተር ሲያስፈልግ ተሸጣ ገንዘብ ትሆናለች። ስለዚህ ዶሮ አታርቡ አንልም። የምንለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ዶሮዎች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚኖሩ ያወቀ ሰው ዶሮዎቹንም ልጆቹንም ከበሽታ ሊጠብቅ ይችላል።

ያየነውን እንንገራችሁ

አንዲት እናት የአሥር ወር ልጃቸውን ተቅማጥ ይዞት አመጡልን። ለልጁ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠን ማጠጣት ከጀመርን በኋላ ስለ ቤታቸው ጠየቅናቸው። «እትዬ፣ ከብቱና ዶሮው የት ነው የሚያድረው?» ብንላቸው፣ «ከብቱ በረት ነው፤ ዶሮዎቹም ውጭ ቆጥ አላቸው። አንዷን ብቻ እቤት አስሬአታለሁ» አሉን። ለምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ነገሩ እንዲህ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ከገበያ አንዲት ቄብ ዶሮ ገዙ። ግቢ ውስጥ ቢለቋት ስምንቱ ነባር ዶሮዎች ተረባርበው ራሷን አደሟት። «ታዲያ ምን ላድርግ የኔ ልጅ? ሊገድሏት እኮ ነው! አሳዝናኝ ከአልጋው እግር ሥር አሰርኳት» አሉን። ልጁም በዚያው ወለል ላይ ይድሃል፤ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ያደርጋል።

ልጁ ዳነ፤ ዶሮዎቹ ግን አልዳኑም። ቄቢቱ በተገዛች በስድስተኛው ቀን አንገቷ ተጣሞ ሞተች። ውሃ ትጠጣ የነበረው ከነባሮቹ ዕቃ ነበርና፣ ዕቃው ከቤት ወደ ውጭ ሲመላለስ ከስምንቱ ስድስቱ ተከተሏት። እናቲቱ ያደረጉት በርኅራኄ ነው፤ የጎደላቸው ምክር ብቻ ነበር።

ዶሮዎች ለምን ይጣላሉ?

ሰው «ዶሮ ምን ታውቃለች» ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤበ የሚባል የኖርዌይ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲመለከት ኖሮ፣ በ1922 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በዶሮዎች መካከል የታላቅና የታናሽ ተራ እንዳለ አስረዳ። የበላይ የሆነችው ሌሎቹን በመንቁሯ ትመታለች፤ ሁለተኛዋ ከእርሷ በታች ያሉትን ትመታለች፤ የመጨረሻዋን ሁሉም ይመቷታል፣ እርሷ ግን ማንንም አትመታም።

ይህ ተራ ክፉ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ሰላማቸው የቆመበት ነው። በዕድር ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እነርሱም ማን አስቀድማ እንደምትበላና ከቆጡ የትኛው ቦታ የማን እንደ ሆነ ያውቃሉ። ታናሺቱ ለታላቂቱ ዞር ካለችላት ጠብ የለም።

እንግዳ ስትመጣ ግን ተራው ይናጋል። ቦታዋን ማንም አያውቅምና እንደ ገና በጠብ መወሰን አለበት። አንዲት ብቻዋን የመጣች እንግዳ የሁሉንም ዱላ ትቀበላለች። ቁስሏ ከደማ ደግሞ ቀዩን እያዩ ይብሱን ይወጓታል። ከምግብና ከውሃ የተባረረች፣ ስትደነግጥ የምትውል ዶሮ ሰውነቷ ይደክማል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሏም ይቀንሳል።

እንግዳይቱ ይዛ የምትመጣው በሽታ

በአገራችን የመንደር ዶሮን ከሚፈጁት በሽታዎች ዋናው ፈንግል ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ነው። የታመመች ዶሮ ትተክዛለች፣ አረንጓዴ መሳይ ትቀዝናለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አንዳንዷም አንገቷ ይጣመማል፣ እግሯ ይሰንፋል። ከያዛት በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ልብ በሉ! ቫይረሱ ከገባባት ቀን አንሥቶ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ በገበያ ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ላባዋ ያማረ ዶሮ በሽታውን ይዛ ልትሆን ትችላለች። በበዓል ሰሞን ከየአቅጣጫው የመጣ ዶሮ በአንድ ስፍራ እግሩ ታስሮ ይውላል፤ አንዱ ከሌላው ይወስዳል። ደግሞም ዶሮው መሞት ሲጀምር «ሳያልቅብኝ ልሽጠው» ብሎ ወደ ገበያ የሚሮጥ ሰው አለ። ይህ በጎረቤት ቤት እሳት እንደ መጣል ነው።

የልጁ ተቅማጥ ግን ከፈንግል የመጣ አይደለም። ፈንግል ሰውን ቢነካ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን አቅልቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ይተዋል። ለልጅ የሚያሰጋው በዶሮ ኩስ ውስጥ የሚገኙት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዶሮ እነዚህን ሳትታመም ተሸክማ ትኖራለች፤ ስለዚህ ጤነኛ ዶሮ እንኳ ቢሆን ልጅ በሚድህበት ወለል ላይ ማደር የለባትም።

በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የወጣ አንድ ጥናት ይህንን ይደግፋል። ዶሮ በሚያረቡ ቤቶች ያሉ ሕፃናት ቁመታቸው የተሻለ ሆኖ ሲገኝ፣ ዶሮ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በሚያድርባቸው ግን ቁመታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። እንግዲህ ዶሮን ማርባት መልካም ነው፤ ከሰው ጋር ማሳደሩ ነው የሚያሰጋው።

እንዴት እናስማማቸው?

እርሷ እንቁላሏን ታቅፋ ጫጩት እስክትፈለፍል 21 ቀን ትቆያለች። ይህንን ቁጥር እያንዳንዷ እመቤት ታውቀዋለች። እንግዲህ እንግዳ ዶሮም 21 ቀን ለብቻዋ ትቀመጥ እንላለን። ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

1ኛ. እንግዳይቱን ከነባሮቹም ከሰው መኖሪያም ራቅ አድርጋችሁ በቅርጫት ወይም በትንሽ ጎጆ አስቀምጧት። የራሷ የምግብና የውሃ ዕቃ ይኑራት፤ ከነባሮቹ ዕቃ ጋር አይቀላቀል።

2ኛ. አስቀድማችሁ ነባሮቹን፣ በኋላ እንግዳይቱን መግቡ። ከዚያም እጃችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ታጠቡ። በሽታ በእጅና በጫማም ይሄዳል።

3ኛ. በእነዚህ ቀኖች ብትታመም ወደ ገበያ አትመልሷት። ብትሞትም ለውሻ አትጣሏት፣ አትብሏትም፤ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሯት።

4ኛ. ሁለት ሳምንት በጤና ካለፈች ጎጆዋን ነባሮቹ ሊያዩዋት ወደሚችሉበት አቅርቡት። ነገር ግን ጥቂት እርምጃ ይራቅ። መተያየት የጠቡን ኃይል ያበርደዋል።

5ኛ. 21 ቀኑ ሲሞላ ማታ፣ ነባሮቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ፣ ቀስ ብላችሁ በመካከላቸው አስቀምጧት። ዶሮ በጨለማ አትጣላም። ሲነጋ ግን ቀድማችሁ ተነሥታችሁ ተመልከቱ።

6ኛ. ጥሬውን በአንድ ቦታ አትዝሩ፤ ሁለት ሦስት ቦታ በትኑት፣ ውሃውንም በሁለት ዕቃ አድርጉት። የበላይዋ አንዱን ብትከለክል ደካማዋ ሌላውን ታገኛለች። ቆጡም ለእያንዳንዷ አንድ ስንዝር ያህል ስፍራ ይኑረው።

7ኛ. ጥቂት ቀን መገፋፋት ይኖራል፤ ይህ ተራ መያዣቸው ነው፣ አትግቡበት። ደም ከታየ ግን የቆሰለችውን ቁስሏ እስኪደርቅ ለዩአት። ቢቻል ከአንድ ይልቅ ሁለት እንግዳ በአንድነት መግዛት ይሻላል፤ ዱላው ይከፈላል።

ሸለመጥማጡስ?

እነዚያ እናት ይህን ሁሉ ሰምተው «ውጭ ባሳድራቸው ሸለመጥማጥ ይጨርሳቸዋል፤ አንተ ትመጣና ትጠብቅልኛለህ?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ምክር መልስ ከሌለው ምክር አይባልም። መልሱ ከመሬት ከፍ ያለ የዶሮ ቤት ነው። አራት የባሕር ዛፍ እግር፣ በቀርከሃ ወይም በቀጭን እንጨት የተረበረበ ወለል፣ የሣር ክዳንና በደንብ የሚዘጋ በር ይበቃዋል። በወለሉ ስንጥቅ ኩሱ ወደ መሬት ይወርዳል፤ በየጊዜው ተጠርጎ ከውሃ ምንጭ ርቆ ሲብላላ ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። ከቤት ደጃፍ አጠገብ ከተሠራም ማታ ጩኸት ይሰማል። እኚያ እናት ከባለቤታቸው ጋር ሠርተውታል፤ ሄደንም አይተነዋል።

ስለ ክትባት

ለፈንግል መድኃኒት ባይኖርም መከላከያ ክትባት አለ፤ በአገራችንም በቢሾፍቱ ይመረታል። ሙቀትን የሚችለው ዓይነት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ በየሦስት እስከ አራት ወሩም ይደገማል። ኃይሉ እስኪጸና ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፣ እንግዳይቱ ለብቻዋ በተቀመጠችበት ጊዜ ማስከተብ መልካም ይሆናል። ክትባት ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ የታመመችን አያድናትም። አንድ ቤት ብቻ ቢያስከትብ ጥቅሙ ትንሽ ስለ ሆነ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ተነጋግራችሁ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድነት ጥሩ።

ማጠቃለያ

ዶሮዎች የሚስማሙት ተራቸውን ሲያውቁ ነው፤ ተራውን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋሉ። ያንን ጊዜ፣ ማለት 21 ቀኑን፣ ከሰጠናቸው ጠቡም ይበርዳል፣ በሽታውም ካለ ከመንጋው ሳይገባ ይታወቃል፤ እንግዳይቱንም አዝነን ከልጃችን መኝታ ሥር አናስራትም።

ጥያቄዎች

1. አዲስ የተገዛች ዶሮ ጤነኛ ብትመስልም ለምን 21 ቀን ለብቻዋ ትቀመጣለች?
2. ከነባሮቹ ጋር የምትቀላቀለው በየትኛው ሰዓት ነው? ስለምን?
3. ዶሮ ባትታመምም ሕፃን በሚድህበት ወለል ላይ ለምን አታድርም?
4. በእናንተ ግቢ ዶሮው ዛሬ ማታ የት ያድራል?