የሕፃን ጥበቃ ወጪ በንግድ ቤት ሒሳብ ውስጥ

ማንኛውም ጠንቃቃ ነጋዴ የሱቅ ኪራይን፥ የጭነት ዋጋን፥ የመብራትንና የግብርን ወጪ በመዝገቡ ይጽፋል። ለሕፃን ጥበቃ የሚወጣው ገንዘብ ግን «የቤት ጉዳይ ነው» እየተባለ ከመዝገብ ይቀራል። ዳሩ ግን ልጇን የሚይዝላት ያጣች ገንዘብ ያዥ በገበያ ቀን ብትቀር ጉድለቱ የሚታየው በሱቁ ሣጥን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በንግድ ሒሳብ ሊመረመር ይገባዋል።

በመስቃን የቀድሞው ልማድ የታወቀ ነው። ባል ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ እናት ከእንሰቱ ጓሮ አትርቅም ነበር፤ ገበያ ስትሄድም ልጁን አያት፥ አክስት ወይም ጎረቤት ትይዝላት ነበር። ዛሬ ግን በቡታጅራ ከተማ ብዙ እናቶች በሱቅ፥ በመጋዘንና በመሥሪያ ቤት ይውላሉ። አያት በገጠር ቀርታለች፤ ታላቅ እኅትም ትምህርት ቤት ትውላለች፤ መዋሏም የሚገባ ነው። የበርበሬ ነጋዴዋም ሕፃኗን ከጆንያ አጠገብ አስተኝታ ስትሸጥ አቧራው ለልጁ ዐይንና ደረት ጠንቅ መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ ሳይሆን ሌላ ቦታ አጥታ ነው።

፩ኛ፤ ሕጉ የሚለው

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባትም 3 ቀን። ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ነው። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ፤ ፈቃዱ ሲፈጸም ግን ሕፃኑ ገና 6 ወር አይሞላውም። ከባዱ ጊዜ ይኸው ነው። የራሷን ሱቅ የምትጠብቅ እናት ደግሞ ደመወዝ የሚከፍላት አሠሪ ስለሌላት ፈቃዷ በቆጠበችው ገንዘብ ልክ ነው።

፪ኛ፤ ያሉት መንገዶች

የመጀመሪያው በቤት ሞግዚት መቅጠር ነው። በዚህ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ርካሽ ነው ብሎ ከገጠር ትንሽ ልጅ ማምጣት ነው፤ ሕፃንን በሕፃን ማስጠበቅ ሁለቱንም መጉዳት ነውና። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ይህ ወሰን በቤትም ሊከበር ይገባዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአሠሪው ቤት ለሚኖር ሠራተኛ ስለ ማደሪያው፥ ስለ ምግቡና ስለ ጤናው አሠሪው እንዲያስብ ያዛል። ደመወዙ፥ የዕረፍቱ ቀንና የሥራው ዝርዝር በጽሑፍ ቢቀመጥ ጠብ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ለጎረቤት በክፍያ ማስያዝ ነው። ይህ ቀላል ቢሆንም ጎረቤቲቱ በታመመች ቀን መተኪያ የለውም። አፀደ ሕፃናትም ከፍ ላሉት ልጆች እንጂ ለጡት ልጅ አይሆንም።

ሦስተኛው ባለሱቆች በኅብረት የሚከፍቱት የሕፃናት ማቆያ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ብቻውን ክፍል የማይችል ትንሽ ሱቅም ከጎረቤቶቹ ጋር ሊችል ይችላል።

፫ኛ፤ የሒሳብ ምሳሌ

የሚከተለው አኀዝ ለማስተማሪያ የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ባለሱቆች 6 ሕፃናት የሚውሉበት ክፍል በወር 4,000 ብር ተከራዩ፤ ለሁለት ሞግዚቶች 12,000፥ ለውሃ፥ ለሳሙናና ለልዩ ልዩ 2,000 ብር አወጡ እንበል። ድምሩ 18,000፥ ለአንድ ልጅ 3,000 ብር ነው። ግማሹን አሠሪው ቢከፍል ድርሻው 1,500 ብር ይሆናል። አንዲት ሠራተኛ ልጇን የሚይዝላት አጥታ በወር 3 ቀን ብትቀርና ሱቁ በየቀኑ 700 ብር ትርፍ ቢጎድልበት ኪሣራው 2,100 ብር ነው። ሥራውን የለመደች ሠራተኛ ለቃ አዲስ ማስተማር ሲመጣ ጉዳቱ ከዚህ ይበልጣል።

፬ኛ፤ ማቆያ ከመክፈት በፊት

ስለ ፈቃድና ስለ ንጽሕና ከከተማው የሴቶችና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ይጠየቃል። ክፍሉ ከበርበሬ ወፍጮና ከመኪና መንገድ የራቀ፥ ለእናቶች ግን ወጥተው አጥብተው የሚመለሱበት ቅርብ ይሁን። አንዲት ሞግዚት ከሦስት በላይ የጡት ልጆች አትያዝ። የታለበ የእናት ወተት በንጹሕ መክደኛ ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ቀዝቃዛ ማስቀመጫ ከሌለ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ። ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ፤ ሌላው በየወሩ ይመርምር።

ዕቁብንና ዕድርን አቋቁሞ ለብዙ ዘመን ያስተዳደረ ነጋዴ ይህን ለማድረግ አዲስ ጥበብ አያሻውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ለዕቃው መጋዘን የሚከራይ ነጋዴ ዕቃውን ለምትሸጥለት እናት ልጅ አንዲት ንጹሕ ክፍል ቢያስብ ወጪውን በመዝገቡ ሊጽፈው ይገባዋል፤ የሚጽፈውም በምጽዋት ሳይሆን በሥራ ማስኬጃ ዐምድ ነው።