አሸዋው የተደፋው በማን መንገድ ላይ ነው?

 

በኮልፌ ሰፈራችን ከመስጊዱ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ሕንፃው መሠራቱን የሚጠላ የለም። ያስቸገረን የአሸዋው፣ የጠጠሩና የፌሮው ክምር የእግረኛውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞት መክረሙ ነው። ቦርሳ ያዘሉ ሕፃናት ክምሩ ጋ ሲደርሱ ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ፤ ሱብሒ ለመስገድ በጨለማ የሚመጡ አባቶችም እንደዚሁ። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ከቀለበት መንገዱ መጨናነቅ ያመለጡ ሚኒባሶችና ጠጠር የጫኑ ገልባጭ መኪኖች ይከንፋሉ። በቅርቡ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በዚሁ ክምር ጥግ ስትወርድ ሚኒባስ ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች።

ሦስት ሆነን ከዓስር ሶላት በኋላ የሕንፃውን ባለቤት አነጋገርናቸው። ሐጂ ለሰፈሩም ለመስጊዱም ብዙ የዋሉ፣ የሚከበሩ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ በግቢዬ ውስጥ ቦታ የለኝም፤ መንገዱ እንደሆነ የማንም አይደለም፤ ጥቂት ታገሱ» አሉን።

ይህ «የማንም አይደለም» የሚለው አነጋገር ነው ወደ ኪታቦቹ የመለሰኝ። ለመሆኑ መንገድ የማን ነው?

አቡ ሁረይራ ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በመንገድ ስፋት ባልተስማሙ ጊዜ ሰባት ክንድ እንዲተው ወስነዋል። ሰባት ክንድ ከሦስት ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ኢማሙ ቡኻሪ ሐዲሱን ያስቀመጡበት ርዕስ የሚናገረው በመንገድ ዳር ያለ ክፍት ቦታ ባለቤቶች ሕንፃ ሊሠሩበት ስለሚፈልጉበት ሁኔታ መሆኑን ልብ ይሏል። ሊቃውንትም ልኩ የተወሰነው ጭነት የያዘ እንስሳ ወጥቶ እንዲገባ፣ አላፊ አግዳሚውም እንዳይጨናነቅ መሆኑን ያብራራሉ። የዛሬው ጭነት ግን በግመል ሳይሆን በገልባጭ መኪና ስለሚመጣ እግረኛው ከእሱ የተለየ ማለፊያ ያስፈልገዋል።

በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ማወርዲ ደግሞ «አል-አሕካሙ ሱልጧኒያ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ስለ ሙሕተሲብ፣ ማለትም ገበያውንና ጎዳናውን ስለሚቆጣጠረው ሹም ሲጽፉ ጉዳያችንን በቀጥታ ነክተውታል። የግንባታ ዕቃ ቀስ በቀስ ሊነሳ ለጊዜው መንገድ ላይ ቢቀመጥ አላፊውን እስካልጎዳ ድረስ ይፈቀዳል፤ ከጎዳ ግን ይከለከላል። በሕዝብ መተላለፊያ ላይ ሕንፃ የሠራ ሰው፣ መንገዱ ሰፊ ቢሆንና የተሠራውም መስጊድ ቢሆን እንኳ፣ እንዲፈርስ ይደረጋል ይላሉ። ምክንያታቸው መንገድ የተተወው ለመተላለፊያ እንጂ ለግንባታ አይደለም የሚል ነው። እንግዲህ መንገድ የማንም ያልሆነ ሳይሆን የአላፊው ሁሉ ነው፤ የዚያች ልጅም ጭምር።

አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ልጆቹ ለምን ጥንቃቄ አያደርጉም?» ይላሉ። ነገሩን በቁጥር እንየው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልት ለመቆም 5 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በድምሩ ከ13 እስከ 14 ሜትር ነው። ፍጥነቱ 50 ከሆነ ግን ፍሬን ከመያዙ በፊት ብቻ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል፤ ለመቆም ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ይጨምራል። ልጅ ከክምሩ ጀርባ በ15 ሜትር ርቀት ላይ ብቅ ብትል በ30 የሚሄደው ከአጠገቧ ይቆማል፤ በ50 የሚሄደው ገና ፍሬን መያዝ ሲጀምር ይደርስባታል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም። በክረምት አስፋልቱ ሲረጥብ ነገሩ ይብሳል። ከአሸዋ ክምር አጥር በላይ ማየት የማይችል ሕፃን ምን ያህል ቢጠነቀቅ ይህን ያሸንፋል?

በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ አውጥቷል፤ ይህ የሚካድ አይደለም። የእኛ መንገድ ግን ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለወረዳው ባቀረብነው ማመልከቻ ግንባታው ይቁም አላልንም። የጠየቅነው ክምሩ ተነስቶ ለእግረኛ ማለፊያ እንዲከፈት፣ በትምህርት ቤቱ መውጫ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራና ገልባጭ መኪኖች ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት እንዳይገቡ ነው።

የአል-ማወርዲን ቃል ይዤ ሐጂን ዳግመኛ ሳነጋግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ቀጥለውም «የጁምዓው መኪናችሁስ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ጁምዓ ዕለት በመስጊዱ ዙሪያ በሁለት ረድፍ እናቆማለን፤ እግረኛው መንገድ ላይም እንወጣለን። ሕመምተኛ የጫነ መኪና መውጫ አጥቶ ጥሩንባ ሲነፋ ኹጥባው መሐል የሰማሁበት ጊዜ አለ። ኮፍያዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ እንጂ አልተነሳሁም።

በዚያው ዕለት ሐጂ ሜትር አስመጥተው ከግንቡ ጥግ አንድ ሜትር ተኩል ለካንና በኖራ አሰመርን። እሑድ ሳልፍ አሸዋው ከመስመሩ ወዲያ ተገፍቷል፤ ፌሮው ግን እንዳለ ነው። የመስጊዱ ወጣቶችም በሚቀጥለው ጁምዓ አንደኛውን የመንገድ ጎን ከመኪና ነፃ ሊጠብቁ ተስማምተዋል። መኪናዬን ቤት ትቼ በእግሬ ነው የምመጣው። ከሶላት በኋላ ስለ ፌሮው ሐጂን እናነጋግራቸዋለን።