ምጥ ሳይመጣ እንወስን



«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ደጋግመው ለወለዱ እናቶች ስለ ምጥ ማስተማር አይደለም። የምንነጋገረው ምጥ ከመጣ በኋላ ሊወሰን ስለማይገባው ነገር ነው፤ የት እንደሚወለድና ሕፃኑ በመጀመሪያዋ ሰዓት ምን እንደሚደረግለት።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በላስታ ደጋ የብዙ እናቶች ቤት ከመኪና መንገድ የራቀ ነው። ምጥ በሌሊት ሲጠና ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቃሬዛ ተዘጋጅቶ ገደሉን መውረድ ግድ ይላል። በክረምት ደግሞ የወንዝ ሙላት አለ።

የሕክምና ባለሙያዎች እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ።

1. ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፦ «ባሏ ይምጣ፣ አማቷ ትጠየቅ» እየተባለ ሌሊቱ ይነጋል።
2. ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት።
3. ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቤተሰብ ብቻውን አያስቀራቸውም። የመጀመሪያው ግን በእጃችን ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናትን በጥቂት ሰዓታት ሊገድል ይችላል። በጤና ጣቢያ ልጁ እንደተወለደ የሚሰጠው መርፌ ማኅፀን እንዲኮማተር በማድረግ ይህን ይከላከላል።

በአገራችን በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ቢሆንም ብዙዎች ዛሬም በቤት ይወልዳሉ። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፦ በወንድ ባለሙያ መታየትን ማፈር፣ ከዘመድ መለየት፣ ብርድ፣ የአራስ ገንፎ መቅረት። ለእነዚህ መፍትሔ አለ። ሴት አዋላጅ መኖሯን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ ገንፎና ቡና የሚፈቅዱ ጤና ጣቢያዎችም ብዙ ናቸው። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት የእናቶች ማቆያ ባለበት ቀኗ ሲቃረብ ገብታ ልትጠብቅ ትችላለች። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ስለተጎዱ፣ በቅርብ ያለው ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ ቀድሞ ማጣራት ይገባል።

የመጀመሪያዋ ሰዓት

ደጋ ብርድ ነው፤ እርጥብ ሕፃን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ፦

• ወዲያው ይድረቅ፤ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይተኛ፤ ሁለቱም ይሸፈኑ። ገላውን መታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ።
• በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጥባ። ወፍራሙና ቢጫው እንገር አይደፋ፤ በሽታ የሚከላከል የመጀመሪያ ክትባቱ ነው።
• ለጋ ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውኃ ማጠጣት ይቅር። ማር እስከ አንድ ዓመት አይሰጥ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።
• እትብቱ በንጹሕ ምላጭ ይቆረጥ፤ ቅቤም እበትም አይቀባ።

ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ስለ ሁለት ዓመት ሙሉ ጡት ማጥባት ማውሳቱን እናውቃለን። ያ ሁለት ዓመት የሚጀምረው ከእንገሩ ነው። ተሕኒክ የሚያደርግ ቤተሰብም ሕፃኑ ጡት ከቀመሰ በኋላ፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ የላመ ተምር ላንቃውን ለመቀባት ያህል ብቻ ይጠቀም፤ ፍሬው አፉ ውስጥ አይቅር።

ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና!

እናት፦ ደም ሲበዛ፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲኖር፣ ስትንቀጠቀጥ፣ ትኩሳት ሲይዛት፣ ምጡ ከ12 ሰዓት ሲያልፍ።
ሕፃን፦ ጡት እምቢ ሲል፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ሲያተኩስ ወይም ሲቀዘቅዝ፣ እትብቱ ሲቀላ።

እንግዲህ ባሎችና አማቶች፣ ሆዷ ስምንት ወር ሳይሞላ አንድ ምሽት ተቀመጡና ተነጋገሩ። የት ትወልዳለች? ቃሬዛውን እነማን ይሸከማሉ? የአምቡላንሱ ስልክ ማን ዘንድ አለ? ሌሎቹን ልጆች ማን ይጠብቃል? ባል ባይኖር «ሂጂ» የሚለው ማን ነው? ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያገኘ ቤት የመጀመሪያውን መዘግየት አስቀርቷል።

አላህ እናቶቻችንን በሰላም ያገላግል። ወሰላሙ ዐለይኩም።