የእፉኝት ስምና ባሕሪ፦ ማወቅም ሰበብ ነው

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) በትር ወደ እባብ መለወጧን ቁርኣን በሦስት ስሞች ይገልጻል። በሱረቱ ጣሃ (20፡20) «ሐያህ»፣ በሱረቱል አዕራፍ (7፡107) «ሱዕባን»፣ በሱረቱ ነምል (27፡10) ደግሞ እንደ «ጃን» መሆኗ ተነግሯል። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት የመጀመሪያው የእባብ ሁሉ የወል ስም ነው፤ ሁለተኛው የአካሏን ግዝፈት፣ ሦስተኛው የእንቅስቃሴዋን ፍጥነት ያሳያል። ስም ባሕሪን ያስተምራል ማለት ነው። እኛስ በደቡብ ኦሞ ቆላ የሚገኘውን እፉኝት ከስሙ አልፈን እናውቀዋለን?

ስሙ

በግዕዝ «አፍዖት»፣ በዐረብኛ «አፍዓ» ይባላል። በሳይንስ «ቢቲስ አሪየታንስ» ነው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን እንደ አውራ በግ በኃይል መምታትን ያመለክታል። በአማርኛ እናቱን የሚበድል ሰው «የእፉኝት ልጅ» ይባላል። ልጆቹ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ ተብሎ ስለሚታመን ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እፉኝት እንቁላል አትጥልም፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ልጆች በስስ ሽፋን ውስጥ ሆነው በሕይወት ይወለዳሉ፤ እናትየውም አትሞትም።

ባሕሪው

እፉኝት አጭርና ወፍራም ነው፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ገደማ ነው። ቡናማና ቢጫማ መልኩ ከደረቅ ሣርና ከአፈር ጋር ይመሳሰላል። አይጥ አድብቶ ስለሚይዝ ሰው ሲመጣ እንደ ሌሎች እባቦች አይሸሽም፤ ባለበት ይተኛል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሳያየው ይረግጠዋል። ሲደፈር ሰውነቱን ነፍቶ በኃይል ይተነፍሳል፤ ይህ ማስጠንቀቂያው ነው። ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው በምሽት ነው።

ስለዚህ በምሽት ባትሪ ይዞ፣ የተሸፈነ ጫማ አድርጎ መሄድ ይገባል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመተኛታችን በፊት መኝታችንን እንድናራግፍ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፤ በላዩ ምን እንደገባ አናውቅምና። ጎጂ እባብን መግደል በሸሪዓ ቢፈቀድም በባዶ እጅ መቅረብ ግን ጥንቃቄ አይደለም።

ቢነድፍስ?

ስለ ልጆቹ የሚነገረው ተረት ማንንም አይጎዳም። ስለ ሕክምናው ያለው የተሳሳተ ልማድ ግን እግር ያስቆርጣል፣ ሕይወትም ያጠፋል። የእፉኝት መርዝ ሥጋን ያበሰብሳል፤ ከባድ ሕመም፣ እብጠትና ውሃ መቋጠር ያስከትላል። በገመድ አጥብቆ ማሰር መርዙን በአንድ ቦታ አምቆ ጉዳቱን ያብሳል። በምላጭ መብጣትና በአፍ መምጠጥም መርዙን አያወጡም፤ ቁስል ይጨምራሉ።

ትክክለኛው እርምጃ ይህ ነው፦ የተነደፈውን አረጋጉ፤ ቀለበት፣ ሰዓትና ጫማ ቶሎ አውልቁ፤ የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፤ አታስሩ፤ በቃሬዛ ወይም በመኪና በፍጥነት ወደ ሆስፒታል አድርሱ። የመርዝ ማርከሻ መድኃኒት በሁሉም ጤና ጣቢያ ስለማይገኝ፣ አንዱ ሲያጓጉዝ ሌላው ደውሎ የት እንዳለ ይጠይቅ።

«ሩቅያስ?» የሚል ይኖራል። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) በተነደፈ የጎሳ አለቃ ላይ ፋቲሓ ስለመቀራቱ የዘገቡት ሐዲስ ሶሒሕ ነው፤ በሩቅያ እናምናለን። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምናን እንድንፈልግም አዘዋል። ፋቲሓ በመኪናው ውስጥም ይቀራል። ሩቅያን ለመቅራት ብሎ ሰውን ቤት ማቆየት ተወኩል አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገምታል። አብዛኞቹ ገበሬዎች፣ እረኞችና ሕፃናት ናቸው። የብዙዎቻችን ቤተሰቦችም ከእነዚህ ናቸው። ስለዚህ ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ፣ ወይም ዛሬ ማታ ስንደውል፣ «አትሰሩ፣ አትብጡ፣ ቶሎ ሂዱ» የሚለውን ለወላጆቻችንና ለታናናሾቻችን እንንገር።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ከጎጂ ነገር ሁሉ ይጠብቀን። ወሏሁ አዕለም።